የተንሳፈፈው ዘጠኝ ቀን

«እጅሽ አንዲት ደቂቃ አያርፍም። እንዲህ ያለ እጅ ኤክስካቫተር ላይ ሰው ይገድላል» አለኝ አሠልጣኙ ባለፈው ሳምንት፣ ስምንት ወንዶች እየሰሙ።

ለሚ ኩራ ውስጥ አጥሩ ገና ያላለቀ ግቢ አለ፤ ከባድ ማሽን መንዳት የሚያስተምሩበት። ከገባሁ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው፤ ሴት እኔ ብቻ ነኝ። ልጆቹ ስናደድ ለማየት አንገታቸውን አሰገጉ። እኔ ግን ሳቄ መጣ። ይህንኑ ነገር ስድስት ዓመት ሙሉ ስሰማው ኖሬአለሁ፤ ልዩነቱ ያኔ ከእጄ ሥር የነበረው ኪቦርድ መሆኑ ነው።

«ምን ያስቅሻል?» አለኝ።

«በፊት የሠራሁበትም ቤት እንዲሁ ይሉኝ ነበር።»

«የት ነው የሠራሽው?»

«ሶፍትዌር ቤት።»

«ምን ትሠሪ ነበር?»

ጓንቴን ማጥለቅ ጀመርኩ። የጠፋ ሥራ እፈልግ ነበር ብዬ ብነግረው ምኑ ይገባዋል? ለእሱ ያልመለስኩትን እዚህ ልመልስ።

የጀመርኩት ገርጂ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስጨርስ ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ አልሆነም። እኔ አላለቀስኩም፤ እናቴ ያለቀሰችው ለሁለታችንም በቃ። አንድ ቀን ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ላይ «ስልክ የምታነሳ ሠራተኛ እንፈልጋለን» የሚል ወረቀት ተለጥፎ አየሁና ገባሁ። የቀጠረኝ ኤፍሬም ነው። የቤቱ ባለቤትም፣ አለቃም፣ ሻጭም፣ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ጣሪያ ላይ የሚወጣውም እሱ ነበር።

«እንግሊዝኛ ትችያለሽ?» አለኝ።

«አነባለሁ። ስናገር ግን ሰው ይስቃል።»

ሳቀና ቀጠረኝ። ደመወዙ ለታክሲና ለምሳ ይበቃል፤ ስለ እሱ ሌላ የምለው የለኝም።

የምንሠራው ለክሊኒኮች የቀጠሮና የካርድ ፕሮግራም ነበር። ክሊኒክ ደግሞ ሲደላው አይደውልም። «ሲስተሙ አብዷል» ይሉኛል። «እንዴት ነው ያበደው?» እላለሁ። «ምኑን ልንገርሽ፣ አብዷል አልኩሽ እኮ» ይሉኛል። እኔ ግን አልለቅም። የትኛው ገጽ ላይ ነው፣ ምን ስትነኪ ነው፣ ከዚያ በፊት ምን ነበር እያልኩ አስለፈልፋቸውና ሁሉንም ደብተር ላይ እጽፋለሁ። በስድስት ወር ውስጥ የትኛው ነገር መቼ እንደሚሰበር ከፕሮግራመሮቹ በላይ አወቅሁ። አውቄም ዝም አላልኩም። ስልኩን ዘግቼ ወደ ክፍላቸው እገባና «ትናንት አስተካከልነው ያላችሁት አልተስተካከለም» እላቸዋለሁ።

ብሩክ የሚባል ልጅ ነበር። ጎበዝ ነው፤ ጎበዝነቱን ደግሞ ማንም ሳይጠይቀው ይናገራል።

«አንቺ፣ ስልክሽን አታነሺም እንዴ?» አለኝ አንድ ቀን።

«አንስቼ ነው የመጣሁት። የሚደውሉት ባንተ ምክንያት ነው።»

ጥግ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተው የሚቀመጡ ሰውዬ ወንበራቸውን አዞሩ። «ብሩክ፣ ይህቺ ልጅ አንተ የጻፍከውን ካንተ በላይ ታውቀዋለች» አሉና ከአጠገባቸው ባዶ ወንበር ሳቡልኝ። ጋሼ ታደለ ናቸው። ከዚያ ወንበር ላይ አልተነሳሁም።

ጋሼ ታደለ የወላይታ ሶዶ ሰው ናቸው። ኮምፒውተር ቁም ሳጥን በሚያህልበት ዘመን መንግሥት መሥሪያ ቤት ሠርተው ጡረታ ከወጡ በኋላ ነው እኛ ጋ የመጡት። ምሳ ከመብላታቸው በፊት ሲጸልዩ ወጡ ይቀዘቅዛል፤ ኮምፒውተር ከመንካታቸው በፊት ደግሞ ከዚያ የማያንስ ጊዜ ይወስዱ ነበር። ጠዋት ሲገቡ አንድም ፊደል ሳይነኩ መጀመሪያ «የት ነን?» ብለው ማሽኑን ይጠይቃሉ። የምር ነው የምላችሁ፤ የትኛው የሥራ መስመር ላይ እንደቆሙ የሚያሳይ ትእዛዝ ጽፈው፣ መልሱን ድምፅ አውጥተው አንብበው፣ በእርሳስ ደብተራቸው ላይ ከጻፉ በኋላ ነው የሚጀምሩት። ቀይ ጽሑፍ ሲመጣ ደግሞ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እስከ መጨረሻው ያነቡታል። እኔ ሳነብ እጄ ቀድሞ ይሮጣል። «እጅ!» ይሉኛል። «ጋሼ፣ እያነበብኩ ነው እኮ!» እላቸዋለሁ። «ዓይንሽ እያነበበ ነው። እጅሽ ግን ሥራ ጀምሯል።» አንዳንድ ቀን እጄ ላይ እንድቀመጥ ያደርጉኝ ነበር። የሚገባ ሰው ሁሉ ያየኛል። ለኔ ከእንግሊዝኛውም ከኮዱም የከበደኝ ይህ ነው።

ያስተማሩኝ ጊት የሚባለውን ነው። ጊት የፕሮግራም ጽሑፍ እንዴት እየተለወጠ እንደመጣ የሚይዝ መዝገብ ነው። ሠርተህ አንድ ቦታ ስትደርስ «ይህን ያዝልኝ» ትለዋለህ፤ ረጅም ቁጥር ሰጥቶ ይይዘዋል። የተያዘው ኮሚት ይባላል። ኮሚቶቹ ተከታትለው መስመር ይሠራሉ፤ መስመሩ ስም አለው። ስሙ እስካለ ድረስ ሥራው የትም አይሄድም።

ችግሩ የሚመጣው ወደ ኋላ ተመልሰህ አሮጌ ኮሚት ላይ ስትቆም ነው። ክሊኒኩ እጅ ያለው የአምናው ፕሮግራም ከሆነ፣ ምኑ ጋ እንደተበላሸ ለማየት እዚያው አምና ላይ መቆም ግድ ነው። መቆም ይቻላል፤ መሥራትም ይቻላል። ግን ከእግርህ በታች ስም ያለው መስመር የለም። በእንግሊዝኛ ዲታችድ ሄድ፣ ቃል በቃል «የተነጠለ ራስ»፣ ይሉታል፤ እኛ ቤት «ተንሳፈፈ» ነው የሚባለው።

«ጋሼ፣ አልገባኝም» አልኳቸው መጀመሪያ ቀን።

ያኔ ለሚ ኩራ አዲስ ሳይት ላይ ቤት ደርሷቸው ገና መግባታቸው ነበር። «የኔን ቤት አይተሻል አይደል? ቤቱ አለ፤ እኔም ውስጡ አለሁ። ሰፈሩ ግን ስም አልወጣለትም፤ ብሎኩም ላይ ቁጥር አልተጻፈም። ከሄድሽ በኋላ ተመልሰሽ ነይ ብልሽ ለባለታክሲው ምን ትይዋለሽ?»

«ከብረት ሱቁ ወደ ግራ።»

«ሱቁ ቢነሳስ?»

«እጠፋለሁ።»

«ቤቱ ጠፋ?»

«ቤቱማ አለ። መንገዱ ነው የጠፋኝ።»

«በቃ። ከመውጣትሽ በፊት ስም አውጪለት፤ ሌላ መድኃኒት የለውም።»

ማሽኑ እንደተንሳፈፍክ የሚነግርህ ረጅም የእንግሊዝኛ መልእክት አለው። ሰው ሁሉ ሳያነብ ያልፈዋል። ጋሼ ግን አራት ጊዜ ወደ አማርኛ አስመለሱኝ። መጀመሪያ የጻፍኩት «ራስሽ ተቆርጧል» የሚል ነበር፤ ዕንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። የመጨረሻው እንዲህ ሆነ፦ «አሁን የትኛውም መስመር ላይ አይደለሽም። ዞር ዞር ብለሽ ማየት፣ መሞከርም ትችያለሽ። የሠራሽውን ማቆየት ከፈለግሽ ግን ስም አውጪለት።» ጋሼ አነበቡትና «አየሽ፣ አልተቆጣሽም እኮ። መከረሽ እንጂ» አሉኝ።

ቤታችን ውስጥ አንድ ልማድ ነበር። ጊት ያልገባንን ነገር ሲያወራ ፎልደሩን እንሰርዝና የሁላችንም ሥራ ከሚቀመጥበት ከሰርቨሩ ላይ አዲስ እናወርዳለን። «ሰርዝና አውርድ» እንለዋለን። አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል፤ ለዚህ ነው ልማድ የሆነው። አንድ ቀን ብሩክ ሁለት ቀን ተንሳፎ ሲሠራ ቆይቶ ወደ ዋናው መስመር ሲመለስ ሥራው የለም። ፊቱ አመድ መሰለ። ደንበኛ ከሰዓት ይመጣል። ፎልደሩን ሊሰርዝ ሲል ጋሼ ከጥግ ሆነው «እጅ!» አሉ፤ ብሩክም እንደኔ እጁን ጉልበቱ ላይ ሲያደርግ ሳየው ደስ አለኝ።

«ሰብለ፣ ፈልጊለት» አሉኝ።

ሬፍሎግ የሚባል ትእዛዝ አለ። ማሽኑ የቆምክበትን ቦታ ሁሉ በቅደም ተከተል ይነግርሃል፤ ስም ያለውንም የሌለውንም። ጻፍኩት፤ ወደ ታች ቆጠርኩ፤ ሰባተኛው ላይ የብሩክ ሥራ ተቀምጧል። ቁጥሩን ያዝኩና ለሥራው ስም አወጣሁለት፤ «ብሩክ ሼም» የሚል። ስሙ ሰርቨሩ ላይ ዓመት ሙሉ ቆየ። ብሩክ እንዳጠፋው ሲለምነኝ «ስሙ ከጠፋ ሥራው ይጠፋል» እለው ነበር። ውሸቴን ነው፤ እስከዚያ ሥራው ዋናው መስመር ውስጥ ገብቷል።

ከዚያ በኋላ ዝናዬ ወጣ። ሥራችን አደገና ቢሯችን ገርጂን ለቆ ሩዋንዳ ሰፈር አንድ ፎቅ ላይ ሲገባ፣ ከላያችንም ከታችንም የሶፍትዌር ቤቶች ነበሩ። «እዚህ የጠፋ የምታገኝ ሴት አለች አሉ» እያሉ ይመጡ ጀመር፤ እንደ አዋቂ ቤት። ሄጄ ሬፍሎግ እጽፋለሁ፣ አገኛለሁ፣ ምሳ ይጋብዙኛል። ዲግሪ ያላቸው ልጆች ከኋላዬ ቆመው ትንፋሻቸውን ሲይዙ መስማት ያኮራል፤ አልዋሽም። ኤፍሬምም የሰርቨሩን ቁልፍ፣ ማለቴ የዋና ተቆጣጣሪውን የይለፍ ቃል፣ ለኔ ሰጠኝ። ወደ ደንበኛ የሚወጣ ሥራ ሁሉ በኔ እጅ ያልፍ ጀመር። ጋሼ ታደለ ግን ሩዋንዳ ድረስ መመላለሱን አልፈለጉም፤ ለሚ ኩራ ቀሩ።

እሳቸው ከቀሩ በኋላ እኔ ያመጣሁት አንድ ነገር አለ። አዲስ ሰው ሲገባ ያንኑ ማስረዳት ሰለቸኝና ከጋራው ኮምፒውተር በላይ ግድግዳው ላይ ወረቀት ለጠፍኩ። «ማታ ከመውጣትሽ በፊት እነዚህን ሦስት መስመሮች ጻፊ» ይላል። ሦስተኛው መስመር ሥራን ወደ ሰርቨር የሚልክ ትእዛዝ ነው። አጭር፣ ግልጽ፣ በኔ እጅ ጽሑፍ። «የት ነን?» የሚለውን አላስገባሁትም። ጊዜ ይፈጃል ብዬ ነው።

ሐያት የመጣችው በዚህ ጊዜ ነው። ቤተሰቦቿ ከወሎ ናቸው፤ አባቷ የሚኒባስ ሹፌር ነው። ኮሌጅ ጨርሳ የመጀመሪያ ሥራዋ ነው፤ ለሦስት ወር ሙከራ ገባች። ሙከራ ላይ ላለ ሰው ላፕቶፕ አይሰጥም፤ የጋራው ኮምፒውተር ላይ ነው የምትሠራው። ስትስቅ ፊቷን በሻርፗ ጫፍ ትሸፍናለች፤ ስትሠራ ግን ቢጠሯት አትሰማም። ኤፍሬም አንድ የቆየ ጣጣ ሰጣት። ፕሮግራማችን ጳጉሜን አያውቅም ነበር። ጳጉሜ ላይ የወደቀ ቀጠሮ ይዛነፋል፤ ጳጉሜ ላይ የተወለደ ሕፃን የአርባ አምስተኛ ቀን ክትባቱ በተሳሳተ ቀን ይጻፋል። እናት ልጇን አዝላ ትመጣና «ቀጠሮሽ ዛሬ አይደለም» ትባላለች። «ይህን ከፈታሽ እፈርምልሻለሁ፤ ካልፈታሽ በሰላም እንለያያለን» አላት ኤፍሬም። ይህን ሁላችንም ሰምተናል።

ክሊኒኩ እጅ ያለው የቆየው ፕሮግራም ስለሆነ ሐያት ወደ ኋላ ተመልሳ እሱ ላይ ቆመች። ትክክል ነው። መልእክቱ መጣ፤ ማንም እንዲያነቡት ስለማያስተምር አለፈችው። ዘጠኝ ቀን እዚያው ሠራች፤ በየቀኑ ኮሚት እያደረገች። ማታ ማታ ግድግዳው ላይ ያለውን ሦስት መስመር ትጽፋለች። ማሽኑም «ሁሉም የተሟላ ነው» ይላታል።

ሰኞ ጠዋት ሐያት ክሊኒክ ሄዳለች። እኔ ለሌላ ደንበኛ እስከ ምሳ የሚደርስ ሥራ ነበረብኝ፤ ይህን የሚችል ትልቅ ማሽን ደግሞ የጋራው ኮምፒውተር ብቻ ነው። ፎልደሩን ስከፍት ገጾቹ ሁሉ የድሮዎቹ ናቸው። የት ነን ብዬ አልጠየቅሁም። በቀጥታ ወደ ዋናው መስመር ለወጥኩት። ማሽኑ ነገረኝ። «አሥራ አንድ ኮሚት ትተሽ እየሄድሽ ነው፤ ከየትኛውም መስመር ጋር አልተያያዙም» አለኝና ቁጥሩን ጻፈልኝ። አነበብኩት። የሐያት ማታ ማታ ይላካል፣ ይህ የብሩክ አሮጌ ሙከራ ይሆናል፣ ቢያስፈልግ ሬፍሎግ አለ፣ አልኩ። ወዲያው ዲስኩ ሞላ፤ ቀይ በቀይ ሆነ፤ ግማሹ ተለውጦ ግማሹ ቀረ። ሰዓቴን አየሁ። ፎልደሩን ሙሉ በሙሉ ሰረዝኩና አዲስ አወረድኩ። ሁሉም ነገር ቀጥ አለ። ሥራዬን በሰዓቱ ሰጥቼ ምሳ በላሁ፤ ጥሩ ሽሮ ነበር።

ከሰዓት ሐያት ገባች። «ሰብልዬ፣ ፎልደሬ ምን ሆኖ ነው? የኔ የለበትም።»

ወንበሯን ሳብኩና በኩራት ሬፍሎግ ጻፍኩ። አንድ ረድፍ ብቻ መጣ። «ከሰርቨር ወረደ» ይላል፤ የዛሬ ጠዋት። ሬፍሎግ የሚኖረው እዚያው ፎልደሩ ውስጥ ነው። ይህን አውቀዋለሁ፤ ለሰው ሁሉ ነግሬአለሁ። መንገዱንም ቤቱንም አብሬ አፍርሼዋለሁ።

«ማታ ማታ ልኬዋለሁ እኮ» አለችኝ፤ ወደ ግድግዳው አየች። «ወላሂ፣ ሁልጊዜ ‹ሁሉም የተሟላ ነው› ይለኛል።»

ወረቀቱ ላይ ያለችው ሦስተኛዋ ትእዛዝ የምትልከው ዋናውን መስመር ብቻ ነው። ዋናው መስመር ላይ ሐያት አንድም ነገር አልነካችም፤ ስለዚህ በእርግጥ የተሟላ ነበር። የሷ ሥራ ውጭ ተንሳፏል። ማሽኑ አልዋሻትም። ወረቀቱ ነው።

እኔ ሰው ፊት ለፊት በመናገር የታወቅሁ ሰው ነኝ። ያን ቀን ግን «ቆይ ላጣራ» ብዬ ሸኘኋት። ብሩክን ወደ ጎን ጠርቼ ነገርኩት። አልቀለደም፤ በዚህ አመሰግነዋለሁ። የተሰረዘ የሚመልስ ፕሮግራም አምጥቶ ሁለት ሰዓት ሞከረ፤ ያገኘው ኤፍሬም በሠርጉ ቀን ኬክ ሲቆርስ የተነሳውን ፎቶ ነው። የወረደው አዲሱ በአሮጌው ቦታ ላይ ተኝቶበታል።

ከቢሮ ወጥቼ ለሚ ኩራ ሄድኩ። ጋሼ ታደለ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ጎመን ይቀነጥሳሉ። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ፎልደሩ አለ?»

«ሰርዤዋለሁ።»

የያዙትን ጎመን ሳህኑ ላይ አስቀመጡ። አላጽናኑኝም። «ልጅቷ ታውቃለች?»

«አላወቀችም።»

«ማን ያውቃል?»

«እኔና ብሩክ። አሁን ደግሞ እርስዎ።»

«ሥራው የማን ነው?»

«የሷ።»

«እንግዲህ ከሁላችን በኋላ ልትሰማ ነው» አሉ። «አሁን ኮምፒውተሩን ተይው ልጄ። የልጅቷን ነገር አስቢ። ሙከራዋ መቼ ነው የሚያልቀው?»

«አርብ።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ሂጂ።» ጎመናቸውን ቀጠሉ።

ማክሰኞ ጠዋት ሐያትን ደረጃው ላይ ጠበቅኋት። «ሥራሽን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ፎልደሩን ሰርዤዋለሁ፤ አይመለስም። ወረቀቱም የኔ ነው፤ የተሳሳተውም እሱ ነው» አልኳት። ግድግዳውን ተደገፈች።

«ዘጠኝ ቀን እኮ ነው» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ኤፍሬም ምን አለ?»

«አልሰማም። መጀመሪያ አንቺ ነሽ።»

ሻርፗን አስተካከለች። «ስድቡን በኋላ እሰድብሻለሁ፤ አሁን ጊዜ የለኝም። ደብተሬ አለ።»

አብረን ኤፍሬም ጋ ገባን፤ ነገርኩት። ሳያቋርጠኝ ሰማ። «አርብ ሲስተር ወርቅነሽ ከክሊኒኩ ትመጣለች። ከሠራ ለሐያት እፈርማለሁ፤ ካልሠራ አልፈርምም» አለ።

«ጥፋቱ የኔ ነው እኮ!»

«ሰምቻለሁ። ሲስተር ግን የማን ጥፋት እንደሆነ አትጠይቀኝም። ያንቺን አርብ እናወራለን።»

የሐያት ደብተር ባለ ካሬ ነው። እያንዳንዱን ቀን በእጇ አስልታ፣ ከግድግዳ ካላንደር ጋር አስተያይታ ጽፋዋለች፤ ስድስተኛዋ ጳጉሜ ያለችበትን ዓመት በቀይ። መጀመሪያ ያደረገችው ለመስመሩ ስም ማውጣት ነው፤ «ጳጉሜ» አለችው። ከዚያ እኔ አነባለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። ኪቦርዱን አንድ ጊዜ ልነካ ስል እጄን በእርሳስ መታችኝ። «አንቺ አንብቢ ብቻ!» በየሰዓቱ ትልካለች፤ እኔ ተነስቼ የራሴ ማሽን ላይ ሰርቨሩን እከፍትና «ደርሷል» እላታለሁ። «ቁጥሩን ንገሪኝ» ትለኛለች። አታምነኝም፤ ልክ ናት። ለሰላት ስትነሳ እኔ ወረቀቴን ከግድግዳው ላይ አንስቼ አዲስ ጻፍኩ። ብሩክ ምሳ እያመጣልን «ቤት ሠሪዎቹ፣ ብሉ» ይለናል። ረቡዕ ማታ ሳቃችን ኮሪደር ላይ ይሰማ ነበር ብሎናል ዘበኛው። ሐያትም ስድቡን እየከፋፈለች መስደብ ጀመረች፤ በየምሳው አንድ አንድ።

ሐሙስ ከሰዓት አንድ ነገር እምቢ አለ። ከደብተሩ ቀኖች አብዛኞቹ ትክክል ይወጣሉ፤ አንዳንዶቹ ግን በአንድ ቀን ይቀድማሉ። ሐያት ራሷን ያዘች። «ይህን ባለፈው ፈትቼው ነበር። እንዴት እንደፈታሁት ጠፋኝ።» ደብተሯ ላይ ቀኖቹ እንጂ መፍትሔው የለም፤ መፍትሔውን ኮሚቱ ውስጥ ነበር የጻፈችው። እዚያ ላይ እጄ ኪቦርዱን ሊቀማት ደረሰ። ከሥሬ አድርጌ ተቀመጥኩበት።

«የቀደሙትን ብቻ አንብቢልኝ፤ ሙሉውን፣ ሰዓቱንም ጨምረሽ» አልኳት።

አነበበች። ሰባት ሰዓት ከሌሊቱ። ስምንት ሰዓት ከሌሊቱ። ስድስት ተኩል ከሌሊቱ። ገርጂ ሳለሁ ክሊኒኮቹ በስልክ የሚነግሩኝ እናቶች ትዝ አሉኝ፤ «ቀኑ ተሳስቷል» የሚሉት ሌሊት የወለዱት ነበሩ።

«ሐያት፣ ሰርቨሩ ሰዓት የሚቆጥረው በማን ነው?»

«በእንግ...» ብላ አፏን ያዘች። ሰርቨሩ ከኛ በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ከሌሊቱ ስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት የተወለደ ልጅ እሱ ዘንድ ገና ትናንት ነው። «እሱ ነው፤ እሱ ነው፤ ትዝ አለኝ» እያለች ጣቷ ሮጠ። አሥር ደቂቃ አልፈጀባትም። ላከችው። «ደርሷል» አልኳት። «ቁጥሩን ንገሪኝ።»

አርብ ሲስተር ወርቅነሽ የራሷን የወሊድ መዝገብ በፌስታል ይዛ መጣች። ሐያት ያዘጋጀችውን ዝርዝር ገፋ አድርጋ «ያንቺን ተይው፣ የኔን እንሞክር» አለች። አንድ ገጽ ገለጠች። «ጳጉሜ ስድስት፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት የተወለደ ወንድ። አርባ አምስተኛ ቀኑ?»

ሐያት አስገባችው። «ጥቅምት አሥራ አምስት» የሚል ወጣ።

ሲስተር በጣቷ መቁጠር ጀመረች። መስከረምን ጨርሳ ጥቅምት ገባች። ኤፍሬም እስክሪብቶውን ይዞ ይጠብቃል። ሐያት ትንፋሿን ይዛለች፤ እኔ ደግሞ ሁለት እጄ ጉልበቴ ላይ ነው። «አሥራ ሦስት፣ አሥራ አራት፣ አሥራ አምስት» አለች ሲስተር። «ልክ ነው። ድሮ ይኸኛው አሥራ አራት ነበር የሚለው፤ እናትየዋ እንዴት እንደተቆጣችኝ!» አሥራ ሁለት ልጆች አስገባች። አሥራ ሁለቱም ልክ ነበሩ።

ሲስተርን ከሸኘ በኋላ ኤፍሬም የሐያትን ውል አወጣና ፈረመ፤ እሷም ፈረመች። ከዚያ ወደኔ ዞረ።

«የሰርቨሩ ቁልፍ ካንቺ ጋ አይቆይም» አለኝ።

«ልክ ነህ።»

«ስልክ ላይ ልመልስሽ እችላለሁ።»

«ስልክ ላይ አልመለስም።»

«ታዲያ?»

«እወጣለሁ።»

«ተናደሽ ነው?»

«አልተናደድኩም። ስልክ ላይ ብቀመጥ በሁለተኛው ቀን ደንበኛ እሰድብልህና ሁለታችንም ሥራ እንፈታለን።»

ሳይፈልግ ሳቀ። «ቁልፉን ለማን እንስጠው?»

«ለሐያት።»

«ከፈረመች ሩብ ሰዓት አልሞላትም።»

«ሥራ ሰርቨር ላይ መድረሱን በዓይኗ ሳታይ ‹ደርሷል› የምትል ይመስልሃል?»

አሰበና «ስጪያት» አለ።

ሐያት ወንበሬ ላይ ተቀመጠች። የይለፍ ቃል የሚቀየርበትን ገጽ ከፈትኩላትና ተነሳሁ። ሰው የይለፍ ቃሉን ሲጽፍ እኛ ቤት ፊት ይዞራል፤ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ታች መንገዱ ላይ አንድ ሚኒባስ ሰው እየጫነ ነው። የኪቦርዱ ድምፅ ተሰማ፤ ቆመ፤ ሰረዘች፤ እንደገና ጀመረች።

«ምነው ረዘመ?» አልኳት።

«ዝም በይ፣ ልረሳው ነው!»

ጠበቅኋት።

«ጨረስኩ። ዙሪ።»

ዞርኩ። በድሮው ቃል ለመግባት ሞከርኩ፤ አላስገባኝም። ሁለተኛም ሞከርኩ፤ አላስገባኝም። «ቁጥሩን ንገሪኝ» አልኳትና ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። ቦርሳዬን ከወንበሩ ጀርባ አነሳሁ፣ «ቻው» አልኳት፣ ደረጃውን ወርጄ የመገናኛ ታክሲ ውስጥ ገባሁ።